ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ ቡችላ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ፣ ትንሽ ግቢ ባላት ቤት ውስጥ ነው። ወንድሜ ከሱሉልታ የሁለት ወር ቡችላ አምጥቶ ሰጠን። የጀርመን ሸፐርድ ክልስ ነው። አባቴ «መቻል» ብለው ስም አወጡለት። አሁን አምስት ወር ሊሞላው ነው። ልጆቹ ነፍሳቸው ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ሌባ ሆነብን። ካልሲ፣ ፌስታል፣ የሀይላንድ ክዳን፣ የነጠላዬን ቋጭ ሳይቀር ይዞ ይሮጣል። ስንደርስበት ይውጠዋል። ባለፈው ሳምንት የትንሿን ልጄን ካልሲ ውጦ በማግስቱ አስመለሰው። ባለቤቴ በነጠላ ጫማ ይመታዋል፤ ጭራሽ ባሰበት። ቅዳሜ ደግሞ የስድስት ዓመቷ ልጄ የፀጉር መያዣዋን ከአፉ ልትነጥቀው ስትል በጥርሱ ጣቷን ጫራት፤ ትንሽ ደማች። ጎረቤቶቼ «በሰንሰለት እሰሪው፣ ሲያድግ ይተዋል» ይሉኛል። ባለቤቴ ለሰው እንስጠው እያለ ነው። እውነት ሲያድግ ይተዋል? ምን ላድርግ?

እናት፣ ከአያት

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ካልሲው ከማውራታችን በፊት ከልጅሽ ጣት እንጀምር። መቻል የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰዱን አልጻፍሽልኝም። ጭረቱ ትንሽ ቢሆንም፣ ቀናት ቢያልፉትም፣ ልጅቷን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። የውሻው የክትባት ካርድ ካለ ያዢ። ክትባት ያስፈልጋት እንደሆነ የሚወስነው እዚያ ያለው ባለሙያ ነው። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ቀድሞ በክትባት መከላከል ግን ይቻላል። ወደፊትም የየትኛውም ውሻ ጥርስ ቆዳ ከሰነጠቀ፣ ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ ቁስሉ ላይ አይደረግ።

መቻልንም ከቅዳሜ ጀምሮ 10 ቀን ከዓይናችሁ አትለዩት። የነከሰ ወይም የጫረ ውሻ ጤነኛ መሆኑ የሚረጋገጠው በእነዚያ ቀናት ነው። ባለቤትሽ «እንስጠው» ያለውን ነገር ቢያንስ እስከዚያ ድረስ ይተወው። ለሌላ ሰው ከተሰጠ ማን ይከታተለዋል? ቡችላ ሦስት ወር ከሞላው በኋላ መከተብ ይችላል። መቻል ካልተከተበ፣ 10 ቀኑ በሰላም እንዳለፈ ሳታሳድሪ አስከትቢው።

አሁን ወደ «ሌብነቱ» እንምጣ።

ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው። ሦስት፣ አራት ወር ሲሞላው መውለቅ ይጀምራሉ። ስድስት፣ ሰባት ወር ሲሆነው 42 ቋሚ ጥርሶች ቦታውን ይይዛሉ። መቻል አሁን መሃሉ ላይ ነው። ድዱ ያሳክከዋል፣ ያመዋል፣ የሚያኝከው ይፈልጋል። ደግሞም ቡችላ እጅ የለውም። አንድን ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ አፉ ውስጥ ማስገባት አለበት። ካልሲ ለስላሳ ነው፣ የልጆቹን ሽታ ይዟል፣ መሬት ላይ ነው። ቢያነሳው ምን ይገርማል?

ስለዚህ ማንሳቱ የጤና ነው። መዋጡ ግን ሌላ ነገር ነው። እንደ መቻል ያሉ ብዙ ቡችሎች መዋጥን የሚማሩት ከእኛ ነው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ይህን ካየሽው የቀረው ሁሉ ቀላል ስለሚሆንልሽ ነው።

እስቲ ነገሩን በእሱ ዓይን እንየው። ከሰዓት በኋላ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። አንቺ ሥራ ላይ ነሽ። መቻል ለግማሽ ሰዓት በር ላይ ጸጥ ብሎ ተኝቷል፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ተነሳና ሶፋው ሥር ካልሲ አገኘ። ይዞት አልተደበቀም። ልብ በይ፣ መጀመሪያ ሰሞን አይደበቅም። መሃል ቤት ይዞት ይመጣል። የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ቂጡን ወደ ላይ ያደርጋል፣ ጭራውን ይወዘውዛል፣ ዓይን ዓይንሽን ያያል። አንቺ ብድግ ስትዪ እሱ ፈትለክ ይላል። አንቺ ከኋላ፣ ሠራተኛዋ ከፊት፣ ልጆች ካሉ በሳቅና በጩኸት። በሶፋ ዙሪያ፣ በጠረጴዛ ሥር፣ ወደ ግቢ። ለቡችላ ከዚህ የሚበልጥ ጨዋታ የለም።

ከዚያ ተያዘ። አፉ በግድ ተከፈተ፣ ካልሲው ተወሰደ። በሌላ ቀንም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ጫማ ተጨመረበት። አሁን መቻል አንድ ነገር ገባው፤ ሰው ወደ እኔ ሲመጣ አፌ ውስጥ ያለው ነገር ይወሰዳል። ማምለጥ ከቻለ ይሮጣል። አልጋ ሥር ከተከበበ አንድ መንገድ ብቻ ይቀረዋል። ያቺን ቅጽበት አይቻታለሁ። አንገቱን ይሰብራል፣ መንጋጋውን ይገጥማል፣ ዓይኑ በጎን የሚመጣውን እጅ ይከተላል። ጉሮሮው ሁለት ጊዜ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ካልሲው የለም።

የባለቤትሽ ነጠላ ጫማ ያባሰው ለዚህ ነው። ዱላው «ካልሲ አይነካም» አላለውም። ያለው «እጅ ሲመጣ ፍጠን» ነው። የልጅሽ ጣት የተጫረውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። መቻል ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ የሚመጣ እጅ ሁሉ ነጣቂ እንደሆነ ስለተማረ ነው። አሁን ካልተስተካከለ ግን 30 ኪሎ ሲሆን ያ ጭረት ንክሻ ይሆናል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር ይኸው፤ ከዛሬ ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ማንም መቻልን አያሳድደው። አንቺ፣ ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ሠራተኛዋ፣ ቅዳሜና እሁድ የሚመጣው ወንድምሽ። ማንም። አንድ ሰው ብቻ እንኳ ማሳደዱን ከቀጠለ ልፋቱ ሁሉ ውሃ በወንፊት ነው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ውድ ነገር ይዞ ሲያይሽ እግርሽ ራሱ ይነሳል። ግን ሪሞቱ ይታኘክ። ሪሞት በሌላ ይተካል።

ካላሳደድሽው ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? ትለውጪዋለሽ።

ትንሽ ጉበት ቀቅዪ። ሽንኩርትም ጨውም አይግባበት። ሽምብራ ፍሬ በሚያህል መጠን ክተፊው። ክዳን ባላቸው ትንንሽ ዕቃዎች አድርገሽ አንዱን ሳሎን፣ አንዱን ኮሪደር መደርደሪያ ላይ፣ አንዱን ግቢ በር አጠገብ አስቀምጪ። እንዳይበላሽ በየቀኑ ቀይሪው፤ የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ አቆዪው። ከዚያ መቻል በተረጋጋበት ሰዓት፣ ምንም ሳይሰርቅ፣ ተቀመጪና የራሱን ኳስ ስጪው። አፉ ውስጥ ሲያስገባው አንዲት የጉበት ቁራጭ አፍንጫው ሥር አድርጊ። ያሸታል፤ ኳሱን ይለቃል። ልክ ሲለቅ «ልቀቅ» በይ፣ ጉበቱን ስጪው። አሁን ዋናው ነገር መጣ። ኳሱን አንስተሽ መልሰሽ ስጪው።

ብዙ ሰው የሚዘላት ይህችን ነች። ኳሱን ከወሰድሽበት ነገሩ ያው ንጥቂያ ነው፤ ጉበት የተቀባ ንጥቂያ። ከመለስሽለት ግን መቻል አዲስ ነገር ይማራል። የሰው እጅ ሲመጣ ጉበትም ይመጣል፣ ኳሴም አይጠፋም። ስለዚህ መዋጥ ምን ያደርግለታል?

ይህን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ አምስት አምስት ጊዜ አድርጉት። ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ከሳምንት በኋላ ቅደም ተከተሉን ቀይሪ። መጀመሪያ «ልቀቅ» በይ፣ ከዚያ ጉበቱን አውጪ። ቃሉን ሰምቶ ብቻ መልቀቅ ሲጀምር ይበልጥ ወደሚወዳቸው ነገሮች ተሸጋገሪ። ከኳስ ወደ ካሮት፣ ከካሮት ወደ አሮጌ ፎጣ። ለምን በካልሲ አንጀምርም ካልሽ፣ ያልተማረ ቡችላ በጣም የሚወደውን ነገር በመጀመሪያው ቀን አይለቅም። ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ማትሪክ አይቀመጥም።

ትምህርቱ ሳያልቅ መስረቁ አይቀርም። ያኔ አትጩኺ፣ አትሩጪ፣ ፊቱን በቀጥታ አትዪው። ጉበቱን አንሺና አምስት ስድስት ቁራጭ ከእሱ አንድ እርምጃ ራቅ አድርገሽ መሬት ላይ በትኚ። አንዷን ብቻ ከወረወርሽ ጎርሶ ወደ ካልሲው ይመለሳል። ስትበትኚው ግን እየለቀመ ይቆያል። እሱ ሲለቅም አንቺ ሳትቸኩዪ ካልሲውን አንሺ። ጉበት በእጅሽ ከሌለ የፍሪጁን በር ክፈቺ፣ ወይም ማሰሪያውን አንስተሽ «እንውጣ!» በይ። አብዛኛው ቡችላ የያዘውን ጥሎ ይመጣል። በእርግጥ ውጡ። «እንውጣ» ብለሽ ከቀረሽ ሁለተኛ አያምንሽም።

ባለቤትሽ «በሰረቀ ቁጥር ጉበት ከተሰጠው ሌብነቱን መሸለም አይሆንም ወይ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። አንዳንድ ቡችላ በእርግጥ ዕቃ ይዞ ለመለወጥ መምጣት ይጀምራል። እኔ ግን ካልሲውን ሳይውጥ እጄ ላይ የሚያመጣልኝን ውሻ እመርጣለሁ። የዕቃ ማመላለሱ ነገር ሁለት ነገር ሲደረግ ይቀንሳል። አንደኛው፣ የራሱን ነገር ጸጥ ብሎ ሲያኝክ ስታዪው አልፎ አልፎ እዚያው ባለበት ጉበት ጣል ማድረግ ነው። ቅድም ያልኩሽ፣ በር ላይ ተኝቶ ማንም ያላየው ሰዓት አለ አይደል? ያን ሰዓት እዪለት። ሁለተኛው የሚሰረቅ ነገር ማሳጣት ነው።

«ተወው» የሚለውንም ቃል አስተምሪው፤ «ልቀቅ» አፉ ለገባ፣ «ተወው» ገና ላልነካው። ጉበቱን በጡጫሽ ጨብጠሽ አፍንጫው ፊት አድርጊ። ይልሳል፣ ያሸታል፣ በእግሩ ይጭራል። ዝም በይ። ሰለቸውና ፊቱን ዞር ሲያደርግ «ተወው» በይና ከሌላው እጅሽ ስጪው። ቀስ በቀስ መሬት ላይ፣ በጫማሽ ሸፍነሽ። መንገድ ላይ የዶሮ አጥንት ስታገኙ የሚያድነው ይህ ቃል ነው።

ቤቱን ማጽዳት ላይ ብዙ አልልሽም፤ ልጆች ሲድሁ ያደረግሽውን ታውቂዋለሽ። ያኔ እንዳደረግሽው በመቻል ቁመት ተንበርክከሽ እያንዳንዱን ክፍል እዪ። የቆሸሸ ልብስ ክዳን ባለው ቅርጫት፤ ቆሻሻው ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ፤ የመታጠቢያ ቤት በር ዝግ። ያገለገለ ሞዴስና ፓምፐርስ ውሾችን በጣም ይስባሉ፣ ሆድ ውስጥ ደግሞ ያብጣሉ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦና ስፖንጅ ወጥ ስለሚሸት ይዋጣል። አሮጌ ጫማ ለመጫወቻ አትስጪው። አሮጌውን ከአዲሱ መለየት አይችልም፤ ለእሱ ሁሉም ጫማ ነው። ማንም ሊያየው በማይችልበት ሰዓት፣ ጎጂ ነገር በሌለበት አንድ ክፍል ወይም ግቢው ጥግ ላይ በተከለለ ቦታ ከውሃውና ከሚያኝከው ነገር ጋር ይቆይ። ሰንሰለቱን ግን እርሺው። ታስሮ የሚያድግ ቡችላ መስረቅ የሚያቆመው ሰንሰለቱ ላይ እያለ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ይሰለቸዋል፣ ሰው ሲጠጋው ይደነግጣል፣ ይናከሳል።

የሚያኝከው ነገር ስልሽ፣ ወፍራም የውሻ ላስቲክ ኳስ፣ መሃሉ ክፍት ሆኖ ምግብ የሚከተትበት፣ ካገኘሽ በጣም ጥሩ ነው። ከአፉ የሚበልጥ ይሁን፤ ጥፍርሽን ስትጫኚበት ትንሽ እጅ የሚሰጥ ይሁን። እንደ ድንጋይ የደረቀ ነገር ጥርሱን ይሰነጥቀዋል። ከፍሪጅ የወጣ ወፍራም ካሮት ድዱን ያቀዘቅዝለታል፤ አጠገቡ ሆነሽ ስጪው፣ ሲያንስ ውሰጂና በጉበት ለውጪው። ገመድና የተቀደደ ጨርቅ ለሌላ ቡችላ ይሆን ይሆናል። ለሚውጠው ለመቻል አይሆንም።

ምግቡንም አንድ እዪው። በዚህ ዕድሜ በቀን ሦስት ጊዜ ይበላ። ግማሹን ሳህን ላይ ከማድረግ ግቢው ሣር ላይ በትኚለት። በአፍንጫው እየፈለገ 20 ደቂቃ ይሠራል፤ ከሮጠው በላይ ይደክመዋል። ጠግቦ፣ ሠርቶ፣ ተኝቶ የዋለ ቡችላ ካልሲ አይፈልግም። እንቅልፍም ያስፈልገዋል፤ አብዛኛውን ቀን መተኛት ያለበት ዕድሜ ላይ ነው፣ ልጆቹ አይቀስቅሱት። አፈር፣ ከሰል፣ ድንጋይ ጭምር የሚበላ ከሆነ ግን በባሕርይ ብቻ አትፍረጂ። ሰገራውን ይዘሽ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂጂ። የሆድ ትል ወይም የደም ማነስ ያለበት ቡችላ ያልሆነ ነገር ይበላል። እስከ ስድስት ወሩ የትል መድኃኒት በየወሩ ይሰጠዋል፤ መጠኑ በኪሎው ስለሆነ ሐኪሙ ይመዝነው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ክፍል ልምጣ።

ዳማ የምትባል ውሻ ነበረችኝ። ነሐሴ ላይ በቆሎ ጠብሰን በላን፣ ቆረቆንዳውን ግቢ ጥግ ከመርን። አንዱን ሰብራ ዋጠች። በማግስቱ አስመለሳት። «ይወጣላታል» ብዬ እርጎ ሰጠኋት። በሁለተኛው ቀን ውሃ ጠጥታ ውሃውን አስመለሰች። በሦስተኛው ሌሊት ስወጣ ደረቷን መሬት ላይ አስደግፋ፣ የኋላ እግሮቿን አቁማ ቆማ አገኘኋት። እየተንጠራራች መሰለኝ። እየተንጠራራች አልነበረም። ሆዷን አሟት ነበር። በአራተኛው ቀን ሐኪም ሲከፍታት አንጀቷ ጠቁሮ ነበር። አልተረፈችም። ቆረቆንዳ ሆድ ውስጥ አይፈጭም፣ በኤክስሬይም በደንብ አይታይም። በመጀመሪያው ቀን ብወስዳት ኖሮ ዛሬ ሌላ ታሪክ እነግርሽ ነበር።

ስለዚህ መቻል ካልሲውን አስመልሶ መገላገሉ ዕድል ነው። ሁለተኛ ላይገኝ ይችላል። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ምግብ እንቢ ካለ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ሲነኩት ካቃሰተ፣ እያማጠ ሰገራ ካልወጣው፣ ጥግ ይዞ ከፈዘዘ፣ ወይም እንደ ዳማ ከቆመ፣ እስከ ነገ አይባልም። ምልክት ባይኖርም ካልሲ፣ ቆረቆንዳ፣ የማንጎ ወይም የአቮካዶ ፍሬ መዋጡን በዓይንሽ ካየሽ እዚያው ደውዪ። ጨርቅና ፍሬ ሆድ ውስጥ ሳምንታት ቆይቶ አንድ ቀን አንጀት ላይ ሊሰነቅር ይችላል። ሐኪም በመድኃኒት ሊያስመልሰው የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ነው።

የነጠላሽ ነገር ከካልሲው ይበልጥ አስግቶኛል። ክር ከሁሉ የከፋ ነው። አንዱ ጫፍ ምላሱ ሥር ወይም ጨጓራው ላይ ይያዛል፣ ሌላው ወደ አንጀት ይወርዳል። አንጀቱ ክሩ ላይ፣ ገመድ እንደተሳበበት የሱሪ ወገብ፣ ሽብሽብ ይላል። ከዚያ ክሩ ይቆርጠዋል። ክር ከአፉ ወይም ከኋላው ተንጠልጥሎ ብታዪ በፍጹም አትጎትቺ። እንዳለ ይዘሽው ሩጪ። መርፌ ያለበት ክር፣ ክብ የሰዓት ወይም የመኪና ቁልፍ ባትሪ፣ ማግኔት፣ የሰው መድኃኒትም እንዲሁ። ባትሪ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጉሮሮ ያቃጥላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። እነዚህን ይዞ ካየሽው ብቻ ነው «አታሳድጂው» ያልኩሽን የምትተዪው። መጀመሪያ ጉበቱን በትኚ፤ ካልሆነ አንቺ ወይም ባለቤትሽ ያዙትና አውጡ። ልጆቹ ግን በፍጹም።

ቤት ውስጥ ለማስመለስ ጨው አታጠጪው፤ ጨው ራሱ ይመርዘዋል። ወተትም መርዝ አያረክስም፤ ይህን የምለው ሁላችንም እጃችን መጀመሪያ ወደ ወተት ስለሚሄድ ነው። የአይጥ መርዝ ከበላ ማሸጊያውን ይዘሽ ሂጂ። አንዳንዱ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው፤ ውሻው ሦስት፣ አራት ቀን ጤነኛ መስሎ ቆይቶ ነው የሚደማው። ቶሎ ከተደረሰበት ግን ማርከሻ አለው። ሌላው ዓይነት ዚንክ ፎስፋይድ ነው። ይህ ሆድ ውስጥ ጋዝ ይሆናል፤ ምግብ ሲጨመርበት ይብሳል። መኪና ውስጥ ካስመለሰው ለእናንተም አደጋ ስለሆነ መስኮቱን ክፈቱ።

በዓል ሲመጣ ደግሞ የዶሮ ወጥ አጥንት ለመቻል አይጣል። የበሰለ አጥንት እንደ መርፌ ይሰነጠቃል። ቁሌቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ዘቢብና ቸኮሌትም ከእሱ ይራቁ።

ይህን ሁሉ በሰላሙ ቀን አዘጋጂ። ኤክስሬይና ቀዶ ሕክምና ያለው የእንስሳት ክሊኒክ የትኛው እንደሆነ፣ ማታ ስልክ የሚያነሳው ማን እንደሆነ አሁን ጠይቂና ስልክሽ ላይ መዝግቢ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው ያለው። ውሻሽ ሲያስመልስ ከአያት ቢሾፍቱ ድረስ መንገድ ላይ መሆን አትፈልጊም፤ ስለዚህ ቅርብ ያለውንም እወቂ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ሲያድግ ይተዋል ወይ? ማሳከኩን ይተዋል፤ ሰባት ወር ሲሞላው ድዱ ያርፋል። ልማዱን ግን አይተውም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው። አምስት ወር ላይ ካልሲ የሚውጥ ውሻ ካልተማረ ሁለት ዓመቱም ላይ ይውጣል፤ ያኔ ጉሮሮው ሰፊ ስለሆነ የልጆች ካልሲ ብቻ አይሆንም። አሁን ከጀመራችሁ ግን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ልዩነቱን በደንብ የምታዩት ይመስለኛል።

ለሰው ስለመስጠት፤ ለባለቤትሽ እንዲህ በይው። ሌላው ቤት የሚሄደው ይኸው ልማድ ያለው መቻል ነው። እዚያም ካልሲ አለ፣ እዚያም ጫማ የሚያነሳ ሰው ይኖራል። ባለቤትሽ ክፉ ሰው ነው ብዬ አላስብም፤ ልጁ ደምታ አይቶ ተናዷል፣ ማንም አባት ይናደዳል። እንዲያውም ጠዋት ጠዋት የኳሱን ልምምድ ለእሱ ስጪው። መቻል አሁን ከሁሉ በላይ የሚፈራው የእሱን እጅ ነው። ያ እጅ ለሁለት ሳምንት ጉበት ይዞ ከመጣ፣ ቤታችሁ ውስጥ ትልቁ ነገር ተስተካከለ ማለት ነው። ከልቤ የምለምናችሁ ይህንን ነው።

ለልጆቹም ሥራ ስጫቸው። ትንሿ መቻል አፉ ውስጥ ነገር ይዞ ካየች እንደ ዛፍ ቀጥ ብላ ትቁምና «እማዬ!» ብላ ትጥራ። እጇን አትዘርጋ። በጨዋታ መልክ አለማምጃት፤ አንቺ ውሻ ሁኚ፣ እሷ ዛፍ ትሁን። ትልቁ ልጅ ደግሞ ማታ ማታ ካልሲ ይቁጠር። ሁለት እግር፣ ሁለት ካልሲ። አንዱ ከጎደለ ሶፋው ሥር፣ አልጋው ሥር፣ መቻል በሚተኛበት ጨርቅ ውስጥ ይፈለግ። ካልተገኘ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ለሐኪሙ ደውሉ።